የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቀይ ስሩ ቀለም የት ሄደ?

ከሰሞኑ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት ከአዲስ አበባ ዙሪያ የተጻፉና ከዕፅዋት ስለሚገኝ የምግብ ቀለም የሚጠይቁ ስለሆኑ የዚህን እትም አምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ማሳጠር ግድ ሆኖብናል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን የሚኖሩበትን አካባቢ ብቻ ጠቅሰናል።

ከሰበታ

«ቤቴ ውስጥ ኬክና እርጎ እያዘጋጀሁ ለሰፈራችን ሱቆች አስረክባለሁ። ደንበኞቼ ከሱቅ የሚገዛውን የዱቄት ቀለም እንድተው ስለጠየቁኝ ቀይ ስር ፈቅፍቄና በንጹሕ ጨርቅ ጨምቄ መጠቀም ጀመርኩ። እርጎው ላይ ያማረ ሮዝ ቀለም ሰጠኝ። ጠርሙስ ውስጥ ያስቀመጥኩት ጭማቂ ግን ሳይቆይ ቡናማ ሆነ፤ ሊጥ ውስጥ የጨመርኩትም ከምድጃው ሲወጣ ቢጫ ቡኒ ሆኖ አገኘሁት። ቀለሙ የት ሄደ? መጀመሪያውንስ ከምን የተሠራ ነው?»

መልስ፦ በጠርሙሱና በምድጃው ውስጥ የሆነው ነገር ለዓይን ቢመሳሰልም አንድ አይደለም። ጠርሙሱ ውስጥ ቀለሙን ያበላሹት ኢንዛይሞችና ኦክስጅን ሲሆኑ፣ ምድጃው ውስጥ ያበላሸው ሙቀት ነው። ሁለቱን ለይቶ ለመረዳት ግን በመጨረሻ ያነሡትን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይሻላል።

የቀይ ስር ቀለም ቤታኒን ይባላል። ተክሉ ቤታኒንን ከአፈር አይመጠውም፤ ታይሮሲን ከተባለ፣ በእኛም ሰውነት ውስጥ ካለ፣ ቀለም የሌለው አሚኖ አሲድ ተነሥቶ ራሱ ይሠራዋል። ሥራውን የሚያከናውኑት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ኢንዛይም ማለት በሕዋስ ውስጥ አንድን የኬሚካል ለውጥ መርጦ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። አሠራራቸው የሸማን ሥራ ይመስላል፤ የፈተለችው አትሸምንም፣ የሸመነውም አይፈትልም፣ አንዱ ሥራውን ካልጨረሰ ግን የሚቀጥለው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ኢንዛይም ታይሮሲን ላይ አንድ የኦክስጅን አቶም ጨምሮ ዶፓ ያደርገዋል፤ ይህ ዶፓ ለፓርኪንሰን ሕሙማን በመድኃኒትነት የሚሰጠው ሌቮዶፓ ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዶዳ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኢንዛይም የዶፓን የካርቦን ቀለበት ይሰነጥቀውና ቤታላሚክ አሲድ የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ያወጣል፤ ሌላው ኢንዛይም ደግሞ ከቀረው ዶፓ ላይ ሳይክሎ-ዶፓ የተባለ ባለ ሁለት ቀለበት ሞለኪውል ይሠራል። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ያለ ማንም አጋዥነት ይጣመራሉ፤ ያ የምናውቀው ቀይ ወይን ጠጅ ቀለም የሚገኘው በዚህ ጥምረት ነው። የግሉኮስ ስኳር የሚያያይዘው ኢንዛይም ሲጨመርበት ቤታኒን ይሆናል፤ ስኳሩም ቀለሙን ያረጋጋዋል።

ገበያችን ላይ እምብዛም ባይታይም ሥሩ ቢጫ የሆነ ዝርያም አለ። በእርሱ ውስጥ የጎደለው ሳይክሎ-ዶፓን የሚሠራው ኢንዛይም ነው። ቤታላሚክ አሲዱ ተጣማሪውን ሲያጣ በአቅራቢያው ካሉ አሚኖ አሲዶች ጋር ይጣመርና ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚወስነው ጂን ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች የእነዚህን ኢንዛይሞች ጂኖች ወደ እርሾ፣ ወደ ትምባሆና ወደ ቲማቲም አስገብተው እነዚህን ቀለሞች እዚያ ማሠራት ችለዋል። የቤታኒን ወገን የሆኑት ቀለሞች በጅምላ ቤታሌይን ይባላሉ፤ በአጥሮቻችን ላይ የሚንጠለጠለው ቦጋንቪሊያና ቀዩ የበለስ ፍሬም ቀለማቸው ከዚሁ ወገን ነው። ቤታሌይን የሚሠራ ተክል የወይንንና የከርከዴን ቀለም የሚሰጠውን አንቶሳያኒን አይሠራም፤ እስካሁን ሁለቱን በአንድነት የሚሠራ ተክል በተፈጥሮ አልተገኘም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ባልተቆረጠ ቀይ ስር ውስጥ ቤታኒን የሚቀመጠው ቫኩዮል በተባለው የሕዋሱ የውኃ ከረጢት ውስጥ ሲሆን፣ ሊያበላሹት የሚችሉት ኢንዛይሞች በአብዛኛው ከእርሱ ተለይተው ይቀመጣሉ። መፈቅፈቂያው ግን ግድግዳውን ሁሉ አፍርሶ ያገናኛቸዋል። ቤታ-ግሉኮሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ያንን የሚያረጋጋውን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ስኳሩን ያጣው ቀለም በኦክስጅን በቀላሉ ይጠቃል። ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝና ፔሮክሲዴዝ የተባሉት ደግሞ ጥቃቱን ያፋጥኑትና ጭማቂው ቡናማ ይሆናል። ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተላጠ ድንችንና የተቆረጠ አቡካዶን የሚያጠቁረው ያው ኢንዛይም ነው፤ በአጥፊነቱ ብቻ እንዳናስበው ግን አረንጓዴው የሻይ ቅጠል ተፈትጎ ጥቁር ሻይ የሚሆነው በእርሱ ሥራ ነው። እኛ ቤት የጠላነው ኢንዛይም ውሽውሽ ላይ ይፈለጋል።

ምድጃ ውስጥ የሆነው ከዚህ ይለያል። ሙቀቱ ቤታኒንን ወደተሠራባቸው ሁለት ክፍሎች መልሶ ይበትነዋል፤ አንደኛው ቢጫው ቤታላሚክ አሲድ ሲሆን ሁለተኛው ቀለም የለውም፤ የኬክዎ መልክ ወደ ቢጫ ያደላው ስለዚህ ነው። የሚገርመው ይህ መለያየት በከፊል የሚመለስ መሆኑ ነው፤ ሞቆ የደበዘዘ ጭማቂ በመጠኑ ኮምጠጥ ያለ ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ ሲቆይ ከቀይነቱ የተወሰነውን ያገኛል። ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ምድጃ ውስጥ የቆየ ሊጥ ግን ይህ ዕድል የለውም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። መካከለኛ መጠን ያላቸውን ቀይ ስሮች ሳይልጡና የሥራቸውን ጭራ ሳይቆርጡ አጥበው ሹካ በቀላሉ እስኪገባቸው ይቀቅሉ። ሰበታም እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ይህ ሙቀት ኢንዛይሞቹን ሥራ ለማስፈታት ይበቃል፤ የሥሩ መሐል እስኪሞቅ መታገሥ ብቻ ያስፈልጋል። ልጣጩ ሳይነሣ መቀቀሉ ቀለሙ ወደ ውኃው እንዳይፈስ ይከላከላል። ቶሎ በቀዝቃዛ ውኃ አብርደው ይላጡት፤ ፈቅፍቀው ይጭመቁት፤ ወዲያው የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርጉበት። የብረትና የመዳብ ቅንጣት የቀለሙን መበላሸት ስለሚያፋጥን የዛገ መፈቅፈቂያና የመዳብ ዕቃ አይጠቀሙ። ብርሃንና አየር እንዳያገኘው ትንንሽ ጠርሙሶችን እስከ አፋቸው ሞልተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የማይጨርሱትን በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ አድርገው ማቀዝቀዝ ከሁሉም የተሻለ ነው። የቀይ ስር ጭማቂ ስኳር ያለውና ኮምጣጣነቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ መሆኑን አይርሱ፤ ታሽጎ ከማቀዝቀዣ ውጭ መቀመጥ የለበትም፤ የሚፈራው የቀለሙ መጥፋት ብቻ አይደለምና።

እርጎው ላይ የተሳካልዎት በአጋጣሚ አይደለም፤ ቤታኒን የኮምጣጣነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ከ3 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይረጋጋል፤ እርጎም የሚውለው እዚያው መካከል፣ 4.5 አካባቢ ነው። ለኬክ ከሆነ በእኔ አስተያየት ሊጡን ይተዉትና ቀለሙን ከላይ በሚቀባው ክሬም ላይ ብቻ ያውሉት። ደንበኞችዎ ደግሞ ቀይ ስር ከበሉ በኋላ ሽንታቸው ቀላ ብሎ ቢያዩ እንዳይደነግጡ መንገር አይከፋም፤ ከአሥር ሰው በአንዱ ገደማ የሚታይ ነገር ነው።

ከቡራዩ፣ ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

«ጓሯችን ውስጥ ያለው ቃሪያ ሳይቀጠፍ ሲቆይ ቀይ ይሆናል። መምህራችን ቀዩ ቀለም ድሮም ውስጡ እንደነበረና አረንጓዴው ሸፍኖት እንደቆየ ነግረውናል። እውነት ነው? እናቴ ደግሞ በርበሬ ፀሐይ ላይ ከበዛ ቀለሙ ይነጣል ትላለች።»

መልስ፦ መምህርሽ የተናገሩት ደርቆ ለሚረግፍ ቢጫ ቅጠል ልክ ነው፤ ለበርበሬ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በአረንጓዴው ቃሪያ ውስጥ በክሎሮፊል የተሸፈኑ ቢጫ ቀለሞች በእርግጥ አሉ። ዋናው ቀይ ቀለም፣ ካፕሳንቲን የተባለው፣ ግን ቃሪያው መብሰል ሲጀምር እንደ አዲስ የሚሠራ ነው። ክሎሮፊሉ ይፈርሳል፤ አረንጓዴውን የያዙት ክሎሮፕላስቶችም ክሮሞፕላስት ወደሚባሉ የቀለም ማደሪያዎች ይለወጣሉ።

የሥራውን ቅደም ተከተል ለትምህርትሽ ይረዳሽ ዘንድ በመጠኑ ላስረዳሽ። አንድ ኢንዛይም እያንዳንዳቸው 20 ካርቦን ያላቸውን ሁለት ሞለኪውሎች አገናኝቶ ፊቶኢን የተባለ ባለ 40 ካርቦን ሰንሰለት ያወጣል። ፊቶኢን ቀለም የለውም። ቀጥለው የሚመጡት ኢንዛይሞች ከሰንሰለቱ ላይ ሃይድሮጅን እየነቀሉ በቦታው ድርብ ትስስር ይተዋሉ፤ እየተፈራረቁ የተደረደሩት ድርብ ትስስሮች በበዙ ቁጥር ሞለኪውሉ ከሰማያዊው ወገን ያለውን ብርሃን ይውጥና ለዓይናችን ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎም ቀይ ሆኖ ይታያል። 11 ላይ ሲደርሱ የቲማቲምን ቅላት የሚሰጠው ላይኮፒን ይሆናል። የላይኮፒንን ሁለት ጫፎች ወደ ቀለበት የሚያጥፍ ኢንዛይም ሲመጣ ካሮትን ካሮት ያሰኘው ቤታ-ካሮቲን ይገኛል፤ በዚያ ላይ ኦክስጅን ሲጨመር የቢጫ በቆሎ ቀለም የሆነው ዚያዛንቲን ይከተላል። በርበሬ ከእነዚህ ሁሉ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ የጫፉን ቀለበት ከስድስት ካርቦን ወደ አምስት አጥብቦ ካፕሳንቲንንና ካፕሶሩቢንን የሚሠራ የራሱ ኢንዛይም አለው። በመደብሮች የምናየው ቢጫ ፈረንጅ ቃሪያ ብዙ ጊዜ ይህ የመጨረሻ ኢንዛይም የጎደለው ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ ከቀለሙ ጋር ስሙ ቢቀራረብም ሌላ ነው፤ ስለዚህ ደማቅ በርበሬ ሁሉ ያቃጥላል ማለት አይደለም።

እናትሽ ትክክል ናቸው። እነዚያ ቀለም የሚሰጡ ድርብ ትስስሮች ለብርሃንና ለኦክስጅን ደካማ ናቸው፤ ዛላው ለብዙ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፤ ቀለሙም ይነጣል። አየር በሚገባው ጥላ ሥር ቢደርቅ ቀለሙን ይበልጥ ይይዛል፤ እርጥበቱ ቶሎ ካልወጣለት ግን ሻጋታ ይይዘዋልና ከሁለቱ የከፋው ሻጋታው መሆኑን አልደብቅሽም። የተደለዘ በርበሬም ቢሆን ብርሃን በሚገባበት ዕቃ ሳይሆን በጨለማና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ወጥ ሲሠራ ደግሞ አስተውዪ፤ ቁሌቱ በስሎ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ቅላቱን ሁሉ ይዞት ይንሳፈፋል፤ ከሥር ያለው መረቅ ግን ያን ያህል አይቀላም። ካሮቲኖይድ የሚባሉት እነዚህ የበርበሬ ቀለሞች በውኃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሙ ስለሆኑ ነው። ፋብሪካዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ባሕርይ ነው፤ ከበርበሬው ላይ ቀለሙን በማሟሟያ አውጥተው የፓፕሪካ ጭማቂ፣ በአውሮፓ የምግብ ቀለሞች መለያ ኢ-160ሲ፣ ብለው ይሸጡታል። አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም፤ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የተካፈለበት የኢትዮጵያ ቅመማ ቅመም ማውጫ አክሲዮን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1970 ማምረት ጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1975 ደርግ ወረሰውና ነገሩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በሕግ ተማሪዎች ዘንድ የሚጠቀስ ክርክር ሆነ።

በቅባት መሟሟቱ አንድ መጥፎ ጎንም አለው። ሱዳን 1 የተባለው፣ ለምግብ የተከለከለ የፋብሪካ ማቅለሚያ እንዲሁ በቅባት የሚሟሟ ቀይ ብርቱካናማ በመሆኑ ቀለሙ የነጣን በርበሬ ለማስዋብ ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር ይህ የተገኘበት የበርበሬ ዱቄት የገባባቸው ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ ተሰብስበዋል። የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ውኃ ላይ ሲበተን ሸክላው ከሥር ይዘቅጣል፤ ሱዳን 1ን ግን በዓይንም በውኃም መለየት አይቻልም፤ የላቦራቶሪ ምርመራ ይፈልጋል። ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት የእናቶቻችን ልማድ ብቻ ሳይሆን ጥሩ ጥንቃቄም ነው።

ከሱሉልታ

«ነጠላዬ ላይ የአልጫ ወጥ ተደፍቶብኝ በሳሙና ሳሸው ቢጫው ቀይ ሆነ። ደንግጬ ተውኩት። እርዱ ውስጥ የተቀላቀለ ነገር አለ ማለት ነው?»

መልስ፦ መቅላቱ ያንን አያሳይም፤ እንዲያውም እውነተኛ እርድ እንዳለበት ምልክት ነው። የእርድ ቀለም፣ ኩርኩሚን፣ በኮምጣጣና በገለልተኛ ነገር ውስጥ ቢጫ ሲሆን፣ ሳሙና እንደ አልካሊ፣ ማለትም እንደ አሲድ ተቃራኒ፣ ስለሚሠራ ወደ ቀይ ቡናማ ይለውጠዋል። በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ ጥቂት ሎሚ ወይም አቼቶ የተቀላቀለበት ውኃ ቢያስነኩት ቢጫነቱ ወዲያው ይመለሳል። ከዚያ እርጥቡን ነጠላ ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ኩርኩሚን በብርሃን ቶሎ ይጠፋል፤ በረኪና አያስፈልግም፤ ጥለቱን ያበላሽብዎታል።

ኩርኩሚንን የሚሠሩትን ሁለት ኢንዛይሞች የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ለይተው አሳውቀዋል፤ ሁለቱም በሚቀጥለው ደብዳቤ ለሚነሣው ለከርከዴ ቀለም መነሻ ከሚሆነው ኢንዛይም ጋር የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ከለገጣፎ

«አነስተኛ ቡና ቤት አለኝ። ከርከዴን አፍልቼ በመጠጥነት ስሸጠው ደማቅ ቀይ ነው፤ ለኩኪስ ሊጥ ስጠቀምበት ግን አመድማ ሰማያዊ ሆነብኝ። ሰማያዊው ቢያምር ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር፤ ከተክል የሚገኝ ደህና ሰማያዊ ለምን የለም?»

መልስ፦ የከርከዴ ቀለም አንቶሳያኒን ነው፤ አውሮፓውያን ኢ-163 ብለው የመዘገቡት ወገን። የአንቶሳያኒን ሞለኪውል እንደ አካባቢው ኮምጣጣነት ቅርጹን ይለዋውጣል፤ በአሲድ ውስጥ ቀይ፣ ገለልተኛ ሲሆን ወይን ጠጅ፣ አልካሊ ሲበዛበት ሰማያዊ፣ አረንጓዴና በመጨረሻም ቢጫ ይሆናል። ከርከዴው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ በብርጭቆው ውስጥ ቀለሙን የሚጠብቅለት አሲድ ይዞ ይመጣል። እርስዎ ሊጡ ውስጥ የጨመሩት ቤኪንግ ሶዳ ያንን አሲድ አጥፍቶታል። ሶዳውን ቀንሰው በቤኪንግ ፓውደር መተካትና ሊጡ ላይ ሎሚ ማከል የተወሰነ ለውጥ ያመጣል፤ እኔ ብሆን ግን ከርከዴን ለመጠጥ፣ ለማርማላታና ለስኳር ቅብ አውለው ነበር እንጂ ሶዳ ካለበት ሊጥ ጋር አላታግለውም።

ተክሉ አንቶሳያኒንን የሚጀምረው ፌኒልአላኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ወሳኙ እርምጃ የቻልኮን ሲንቴዝ ነው፤ ይህ ኢንዛይም ከፌኒልአላኒን በተገኘው ሞለኪውል ላይ ሁለት ሁለት ካርቦን የሚያዋጡ ሦስት ቁራጮችን እየቀጠለ ቢጫ የሆነውን ቻልኮን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሞለኪውሎች ለበርካታ እርምጃ ያህል ቀለም አልባ ሆነው ይጓዛሉ፤ ቀለሙ የሚገለጠው ወደ መጨረሻው ነው፤ እዚህም እንደ ቀይ ስሩ ስኳር ተያይዞበት ይረጋጋል። በመንገዱ ላይ አንድ ኢንዛይም ቀለበቱ ላይ የሚጨምረው የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንድ ቁጥር መልኩን ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ ያዘነብለዋል። ከርከዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ዴልፊኒዲን ለመሥራት የሚያስችለው ኢንዛይም አለው፤ ጽጌረዳ የለውም። ሆለታና ሰበታ አካባቢ ባሉት የአበባ እርሻዎች በተፈጥሮው ሰማያዊ የሆነ ጽጌረዳ የማይገኘው ለዚህ ነው፤ አንድ የጃፓን ኩባንያ ያንን ጂን ከሌላ አበባ ወስዶ ጽጌረዳ ውስጥ አስገብቶ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሰማያዊ ይልቅ ወደ ፈዛዛ ወይን ጠጅ ያደላል።

ደህና ሰማያዊ ለምን የለም ላሉት፣ እየመጣ ነው ማለት ይቻላል። በወይን ጠጅ ጥቅል ጎመን ውስጥ ካሉት አንቶሳያኒኖች መካከል አንዱ ከአሉሚኒየም ጋር ሲጣመር ንጹሕ ሰማያዊ ይሰጣል፤ ችግሩ ከጠቅላላው ከ5 በመቶ በታች መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎችና የጣፋጭ አምራቹ የማርስ ኩባንያ የሳይንስ ባለሙያዎች ከሌሎች ተባባሪዎቻቸው ጋር ሆነው፣ የቀሩትን አንቶሳያኒኖች ወደዚያ ወደ ብርቅዬው የሚቀይር ኢንዛይም አዘጋጅተው ውጤቱን አሳትመዋል።

ሌላው ጋርዴኒያ ከተባለው ተክል ፍሬ የሚገኘው ሰማያዊ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል። የዚህ ፍሬ ንጥረ ነገር ስኳር ተያይዞበት እስካለ ድረስ ቀለም የለውም፤ ቤታ-ግሉኮሲዴዝ ስኳሩን ሲቆርጥለት ነጻ የሚወጣው ሞለኪውል ከአሚኖ አሲዶች ጋር ተጣምሮ ሰማያዊ ይሆናል። የሰበታዋ አንባቢያችን ይህን ስም ያስታውሱታል፤ የቀይ ስራቸውን ስኳር የቆረጠው ኢንዛይም ወገን ነው። አንድ ዓይነት ቆረጣ አንዱን ቀለም ሲያጠፋ ሌላውን ያስገኛል፤ ስለዚህ ኢንዛይምን በጅምላ ሙቀት አሳይቶ መግደል ለሁሉም ተክል የሚሠራ ዘዴ አይደለም።

ከዱከም

«ከጤፍ ማሳችን ዳር ሱፍ እንዘራለን፤ ፍሬውን ለሱፍ ፍትፍትና ለዘይት እንጠቀምበታለን፤ አበባው ግን ደርቆ ይወድቃል። አንድ እንግዳ የአበባው ቅጠል ለምግብ ቀለም እንደሚፈለግ ነገረኝ። እውነት ከሆነ እንዴት ይሠራል? ፍሬውን አይጎዳብኝም? መሸጥስ ይቻላል?»

መልስ፦ እንግዳዎ እውነቱን ነግሮዎታል። እሾሃማው የእኛ ሱፍ ከጥንት ጀምሮ በእስያ አገሮች ለጨርቅ፣ ለከንፈርና ለምግብ ማቅለሚያነት ሲያገለግል የኖረ ነው፤ ራሱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረው ትልቁ የፈረንጅ ሱፍ ለዚህ አይሆንም።

አበባው ሲፈነዳ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ እንደሚቀላ ያለ ጥርጥር አስተውለውታል። ያ ለውጥ የኢንዛይም ሥራ ነው። መልካበባው፣ ማለትም የአበባው ቅጠል፣ በመጀመሪያ በውኃ የሚሟሙ ቢጫ ቀለሞችን ይሠራል፤ ከእነርሱም ጋር ለቀዩ መነሻ የሚሆን ፕሪካርታሚን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ያከማቻል። አበባው ሲጠወልግ ፔሮክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በኦክሲዴሽን ይህን ንጥረ ነገር ወደ ካርታሚን፣ ማለትም ወደ ቀዩ ቀለም ይለውጠዋል። በቀይ ስር ጭማቂ ውስጥ ያማረረን የፔሮክሲዴዝ ቤተሰብ እዚህ የሚጠበቅ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የተፈለገው ቢጫው ከሆነ አበባው ገና ብሩህ ሳለ ተለቅሞ በጥላ ይድረቅ፤ ቀዩ ከተፈለገ ግን ሳይቀላ መቸኮል አይገባም።

ቢጫውን ማውጣት ቀላል ነው፤ የደረቀው መልካበባ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ ይለቃል። ቀዩ በውኃ አይወጣም። የጥንት የጃፓን ቀለም ሠሪዎች ቢጫውን ደጋግመው አጥበው ካስወገዱ በኋላ የቀረውን በአመድ ውኃ ይዘፈዝፉታል፤ አልካሊው ቀዩን ያሟሟዋል፤ ከዚያ ኮምጣጣ የፍራፍሬ ጭማቂ ሲጨምሩበት ቀለሙ ከውኃው ተለይቶ ይዘቅጣል። ይህን ለጨርቅ ቢሞክሩት ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ከምድጃ በተጠረገ አመድ የወጣውን ግን ለምግብ አያቅርቡ።

ለመሸጥ ካሰቡ፣ የተፈጥሮ ቀለም ፍላጎት በዓለም ገበያ እያደገ መሄዱ አይካድም፤ የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ቀይ ቁጥር 3 የተባለውን የፋብሪካ ቀለም ከምግብ እንዲወጣ መወሰኑና አምራቾችም እስከ ጥር 2027 እ.ኤ.አ. ጊዜ የተሰጣቸው መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ተፈጥሯዊ መሆኑ ብቻ ከቁጥጥር ነጻ አያደርገውም። በአገራችን የምግብ ምርት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ይተዳደራል፤ የደረቀ አበባ ለነጋዴ ከማስረከብ አልፈው ቀለሙን አውጥተው ለምግብ ማሸግ ካሰቡ ከሥራው በፊት ወደዚያ ይሂዱ። ገዢ ሳይኖር ብዙ መልቀምን ግን አልመክርዎትም፤ መልካበባ እጅግ ቀላል ስለሆነ አንድ ኪሎ ለመሙላት ብዙ ጉልበት ይበላል።

ፍሬውን በተመለከተ አይሥጉ፤ አበባው ከተዳቀለና መጠውለግ ከጀመረ በኋላ መልካበባውን መንቀል ፍሬውን አይጎዳም። የሚጎዳው ለቃሚውን ነው፤ ስለዚህ ጤዛው ሳይነሣ እሾሁ ገና ለስልሶ ሳለ ማለዳ ይልቀሙ፤ ወፍራም ጓንትም ያድርጉ።